የጤና ጥግ፦ «አልጠጣም በያቸው»

ሁዳዴው እየተገባደደ ነው። ትምህርት ቤታችንም እንደ ልማዱ ለፋሲካ አንድ ቅዳሜ ይዘጋል። መምህራኑ ልጆቹ ደብተራቸውን አስቀምጠው እንዳይረሱት አደራ ብለዋል፤ አደራውን ለእናንተ አድርሻለሁ።

ባለፈው በዚህ ጥግ ስለ ልጆች ጥርስ ነበር የተጫወትነው። ዛሬ ስለ እኛ ስለ ትልልቆቹ ልብ እናውራ። በተለይ ደግሞ የልብ ሕክምና ተደርጎለት ቤቱ ስለገባ ሰው እና ስለ መጠጥ። የማትጠጡ ወላጆች «ይሄ እኛን አይመለከትም» ብላችሁ ገጹን እንዳትገለብጡት። ድግስ የምትደግሱት፣ ለእንግዳ የምትቀዱት፣ ዘመድ ሲታመም ሆስፒታል ሄዳችሁ የምታስተረጉሙት እናንተም ናችሁ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ታማሚ ነኝ። የምጽፈውን ግን የልብ ክፍል ነርስ የሆነች አንዲት የትምህርት ቤታችን እናት አንብባ፣ የተሳሳተውን አርማልኛለች። እግዜር ይስጥልኝ።

ነገሩ የጀመረው የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በታንክስጊቪንግ ማግስት ነው። ጠዋት ደረጃ ስወጣ ልቤ በድንገት ተንፈራገጠ። ለዶሮ ወጥ ተይዞ ክንፉን የሚያራግብ ዶሮ አይታችኋል አይደል? ልክ እንደዚያ፣ ደረቴ ውስጥ። ትንፋሼ አጠረ፣ ላብ አጠመቀኝ። ባለቤቴ ሥራ ነበረች። ያን ጊዜ የ10 ዓመት ልጅ ከነበረችው ልጄ ጋር ኢመርጀንሲ ሄድን።

እንግሊዝኛዬ ለሥራዬ ይበቃኛል፤ ለሆስፒታል ግን አይበቃም። ስለዚህ ልጄ አጠገቤ ቆማ አስተረጎመችልኝ። ስለ ደም ግፊት ተጠየቅሁ፣ ስለ ስኳር ተጠየቅሁ። ከዚያ ነርሷ አንድ ነገር ጠየቀቻት። ልጄም ዞር ብላ፣

«አባዬ፣ በሳምንት ስንት ትጠጣለህ እያሉ ነው» አለችኝ።

«አልጠጣም በያቸው» አልኳት።

ልጄ አየችኝ። ሁለት ሰከንድ ያህል ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ ለነርሷ የነገርኳትን ነገረቻት። ነርሷም ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈች፤ ጥያቄውም አለፈ።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። በዚያች ደቂቃ የዋሸሁ አልመሰለኝም። በእኛ ቋንቋ «ይጠጣል» የሚባለው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። መንገድ ላይ የሚወድቅ፣ ደመወዙን መሸታ ቤት ጨርሶ የሚገባ ሰው ነው። «እገሌ እኮ ይጠጣል» ከተባለ ሽማግሌ ልጁን አይድርለትም። እኔ ደግሞ ሥራዬን አክባሪ፣ ቤቴን አክባሪ ነኝ። ቅዳሜ ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሰን እስኪወጡ ድረስ ከጓደኞቼ ጋር ቢራ እንላለን፤ እሱ ጨዋታ ነው። እሑድ ማኅበር ላይ ጠላ አለ፤ እሱ ጸበል ጸዲቅ ነው። ማታ አንዳንዴ ከእራት ጋር ወይን አለ፤ እሱ ለምግብ መፍጫ ነው። ታዲያ የቱ ነው መጠጡ?

ሆስፒታሉ ግን የጠየቀው «ሰካራም ነህ ወይ?» ብሎ አልነበረም። የጠየቀው መጠን ነው። እዚህ አገር «አንድ መጠጥ» ሲባል መለኪያ ነው፤ 14 ግራም ንጹሕ አልኮል ማለት ነው። ይህም 5 በመቶ አልኮል ያለው አንድ ጣሳ ቢራ፣ ወይም 150 ሚሊ ሊትር ያህል ወይን፣ ወይም 44 ሚሊ ሊትር ገደማ ዊስኪ ውስጥ ያለው ነው። ብዙ ቆይቼ ከልጄ ጋር ወረቀት ይዘን ቁጭ ብለን ስንደምረው የእኔ ሳምንት 11 መጠጥ ወጣው። «አልጠጣም» ያልኩት ሰውዬ!

ኢኬጂ ተነሣሁ። ሐኪሞቹ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን፣ በአጭሩ ኤፊብ፣ አሉት። ምን እንደሆነ በእኛ አነጋገር ላስረዳ።

ልብ የራሷ መብራት ኃይል አላት። በቀኝ በኩል ከላይ ያለች አንዲት ትንሽ ቦታ በእረፍት ጊዜ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ የኤሌክትሪክ ትእዛዝ ትሰጣለች፤ ልብም በትእዛዙ ትመታለች። ኤፊብ ሲነሣ የልብ የላይኛዎቹ ሁለት ክፍሎች ከየአቅጣጫው በሚመጣ ትእዛዝ ይታወካሉ። በደቂቃ ከ300 ጊዜ በላይ ይርገበገባሉ እንጂ በወጉ አይጨመቁም። አለቃው አንድ መሆኑ ቀርቶ ሁሉም አለቃ ሲሆን ማለት ነው። ደም በደንብ ስለማይገፋ እዚያው ይተኛል፤ የተኛ ደም ይረጋል፤ የረጋው ደም ተነሥቶ አንጎል ከገባ ስትሮክ ነው። ኤፊብ የስትሮክን አደጋ አምስት እጥፍ ያህል ያሳድጋል። ሐኪሞቹ ቶሎ የደም ማቅጠኛ የሚያዙት ለዚህ ነው።

በጥር ወር አብሌሽን የሚባለውን ሕክምና አደረጉልኝ። ደረት አይከፈትም። በብሽሽት በኩል ባለው ደም ሥር ቀጭን ቱቦ ወደ ልብ ይገባል። ሚሼል ኤሳጌር የተባሉት የቦርዶ ፈረንሳዊ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በ1998 ባሳተሙት ጥናት፣ አብዛኛው የሚረብሽ ትእዛዝ የሚነሣው ከሳንባ ወደ ልብ ደም ከሚያመጡት ደም ሥሮች አካባቢ መሆኑን አሳዩ። ከዚያ ወዲህ ሐኪሞች በእነዚያ ደም ሥሮች መግቢያ ዙሪያ በሙቀት፣ በቅዝቃዜ ወይም በኤሌክትሪክ ምት ጠባሳ ይሠራሉ። ጠባሳው እንደ አጥር ሆኖ የሚረብሸው ትእዛዝ ወደ ልብ እንዳይሻገር ይከለክላል።

በማግስቱ ቤቴ ገባሁ። ሁዳዴ መጣ። በጾም መጠጥ አልቀምስም፤ የልጅነት ልማዴ ነው። ልቤም ሰዓት ሆነች። «ዳንኩ፣ ተመስገን!» አልኩ።

ፋሲካ መጣ። ዘመዶቻችን ቤት ተሰብስበን ዶሮው ቀረበ፣ ክትፎው ቀረበ፣ ጠጁም ቀረበ። «ታምሜ ነበር» ብል፣ «ታዲያ ድነህ የለም እንዴ! በሞቴ አንዲት ብቻ!» ተባልኩ። በሞቴ ተብሎ እንዴት እምቢ ይባላል? አንዲቷ ብርሌ ሦስት ሆነች። ከዚያ ሁለት ቢራ ተከተላት።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዶሮው ደረቴ ውስጥ ተነሣ።

ኢመርጀንሲ ስንደርስ ነርሱ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀ። እኔ አፌን ሳልከፍት ልጄ ቀደመችኝ። በእንግሊዝኛ የተናገረችውን ይህን ያህል ተረዳሁ፦ «አባቴ ይጠጣል። ያን ጊዜ አልጠጣም በይ ስላለኝ ነው እንጂ ይጠጣል።» ነርሱ ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ እኔን አየኝ። ምንም አላለም። ወጣና ባለጎማ ማቆሚያ ላይ የተሰቀለ ስክሪን እየገፋ ተመለሰ። ስክሪኑ ላይ አማርኛ የምትናገር አስተርጓሚ ነበረች። «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ» ስትለኝ እንባዬ መጣ። ልጄን ለመጀመሪያ ጊዜ «አንቺ ውጪ ሄደሽ ተቀመጪ» አልኳት።

ለሐኪሙ ሁሉንም ነገርኩት፤ ጠጁንም፣ ቢራውንም፣ የኅዳሩንም «አልጠጣም»። አልተቆጣኝም። «አብሌሽኑ አጥር ይሠራል እንጂ ልብህን አይለውጣትም» አለኝ በአስተርጓሚዋ በኩል። ምቴ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በራሱ ተመለሰ።

ወደ ቤት ስንሄድ መኪና ውስጥ ልጄ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «አባዬ፣ ያኔ እውነቱን ብናገር ኖሮ አሁን አታምም ነበር?»

አምስት ወር ሙሉ ይህንን ይዛ ኖራለች ማለት ነው። መኪናውን ዳር አቆምኩ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ያንቺ አይደለም። ላንቺ ያልሆነ ሸክም ነው የጫንኩብሽ» አልኳት። ከአብሌሽኑ ይልቅ ያቺ ቀን ናት መጠጡን ያስተወችኝ።

አሁን ወደ ትምህርቱ እንግባ። አልኮል ልብ ላይ ምን ያደርጋል?

በመጀመሪያ፣ የልብ የላይኛዎቹ ክፍሎች ከአንድ ምት በኋላ የሚያርፉበትን ቅጽበት ያሳጥራል፤ ያላረፈ ልብ ለተሳሳተ ትእዛዝ ቶሎ ይነሣል። ልብን የሚያፈጥኑትንና የሚያዘገዩትን ነርቮች ያናጋል። ሽንት ስለሚያበዛ ውሃን፣ ፖታሲየምንና ማግኒዚየምን ያጎድላል። በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሽ የሚቆራረጥባቸውን ሰዎች ያባብስባቸዋል። ለዓመታት ሲወሰድ ደግሞ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ የልብን የላይኛ ክፍል ይለጥጣል። ይሄ ሁሉ አጥሩ ከቆመበት ቦታ ውጪ ያለውን ሥጋ የሚነካ ነው። አብሌሽን የተደረገለት ሰው «በሩ ተዘግቷል፣ ምን እሆናለሁ?» ማለት የማይችለው ለዚህ ነው። ሌባው በመስኮት ይገባላ።

ይህ አዲስ ወሬ አይደለም። በ1978 ፊሊፕ ኤቲንገር የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው፣ ቅዳሜና እሑድ ወይም በዓል ላይ አብዝተው ጠጥተው በማግስቱ ልባቸው ተዛብቶ ሆስፒታል የሚመጡ ሰዎችን ተመልክተው ስም አወጡለት። ወደ እኛ ቋንቋ ስንመልሰው «የበዓል ልብ» ማለት ነው። ይህን ስሰማ ሳቄም አመጣኝ፣ አፈርኩም። 55 ቀን ጾሞ በአንድ ቀን የሚያካክስ ሰው ከእኛ ሌላ ማን አለ?

መተው ይጠቅማል ወይ? ለሚለው ጥሩ መልስ የሰጠ ጥናት በአውስትራሊያ ተሠርቶ በ2020 ታትሟል። ኤፊብ ያለባቸውና በሳምንት 10 መጠጥና ከዚያ በላይ የሚጠጡ 140 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። 70ዎቹ መጠጥ እንዲተዉ፣ 70ዎቹ እንደ ልማዳቸው እንዲቀጥሉ ተደረገ። በስድስት ወር ውስጥ ከቀጠሉት 73 በመቶው ኤፊቡ ተመለሰባቸው፤ እንዲተዉ ከተደረጉት ግን 53 በመቶው። ልብ በሉ፣ የተዉትም ሁሉ አልዳኑም። መተው ዋስትና አይደለም። ነገር ግን ያለ ኪኒንና ያለ ቱቦ ይህን ያህል ልዩነት የሚያመጣ ነገር ቀላል አይደለም።

«አንድስ ብትሆን?» ለሚለውም መልስ አለ። በሳን ፍራንሲስኮ የተሠራና በ2021 የታተመ ጥናት ላይ 100 ታማሚዎች ምታቸውን የሚከታተል መሣሪያ ደረታቸው ላይ፣ አልኮልን የሚለይ መሣሪያ ደግሞ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ አድርገው አራት ሳምንት ቆዩ። አንድ መጠጥ ከጠጡ በኋላ ባሉት አራት ሰዓታት ኤፊብ የመነሣት ዕድሉ ሁለት እጥፍ፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ከጠጡ ደግሞ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ «በሞቴ አንዲት ብቻ» የምትለው አንዲቷም ትቆጠራለች።

የሐኪሞቹ መመሪያም ወደዚያው ነው። የአሜሪካ የልብ ሐኪሞች የ2023 መመሪያ፣ ምቱ እንዲስተካከል ሕክምና የሚፈልግ ሰው አልኮልን በጣም እንዲቀንስ ወይም እንዲተው ይመክራል። የአውሮፓው የ2024 መመሪያ ደግሞ በሳምንት ከ30 ግራም እንዳያልፍ ይላል። በአሜሪካ መለኪያ ሁለት መጠጥ ገደማ ነው። ለሳምንት!

አሁን ወደ እኛ ቤት መጠጥ እንምጣ። ጠርሙስ ላይ ስንት በመቶ እንደሆነ ተጽፏል። ጠላ፣ ጠጅና አረቄ ላይ ማን ይጽፋል? እንደ ጠማቂዋ፣ እንደ ጌሾው፣ እንደ ቆየበት ቀን ይለያያል። ጠላ ብዙ ጊዜ ከቢራ ይለሰልሳል፤ ቢራን የሚስተካከልም አለ። ጠጅ ወይንን ሊጠጋ ይችላል። ዳግም አረቄ ዊስኪን ሊበልጥ ይችላል። ብርሌው ሩብ ሊትር ቢይዝ፣ ጠጁም 10 በመቶ ቢሆን፣ አንዷ ብርሌ ውስጥ 20 ግራም ገደማ አልኮል አለ። የእኔ የፋሲካ ሦስት ብርሌ 60 ግራም፣ ከሁለቱ ቢራ ጋር 88 ግራም መሆኑ ነው። በአንድ ከሰዓት በኋላ የጠጣሁት፣ የአውሮፓው መመሪያ ለሦስት ሳምንት ገደማ የሚፈቅደውን ያህል ነው።

ከመድኃኒት ጋርስ? የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው አብዝቶ ሲጠጣ የመድማት አደጋው ይጨምራል፤ ሰክሮ ከወደቀና ጭንቅላቱን ከመታ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ዋርፋሪን የሚወስዱ በተለይ ይጠንቀቁ፤ በአንድ ጊዜ ብዙ መጠጣት የደሙን መቅጠን ከልክ በላይ ሊያደርሰው ይችላል። ምት የሚያዘገዩ መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው ከመጠጥ ጋር ግፊቱ ወርዶ ሊያዞረው ይችላል። አሚዮዳሮን የሚወስድ ሰው ደግሞ መድኃኒቱ ራሱ ጉበትን ሊነካ ስለሚችል መጠጥ ሲጨመርበት ሸክሙ ይበዛል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ «ዛሬ ልጠጣ ስለሆነ ኪኒኑን ልዝለለው» የሚል ሰው ሰምቻለሁ። ይህ ለስትሮክ በር መክፈት ነው። ምቱ ስለተስተካከለም ማቅጠኛውን በራሳችሁ አታቁሙ፤ ይህን የሚወስነው ሐኪማችሁ ነው።

ይህ ነገር አብሌሽን ለተደረገለት ብቻ አይደለም። ደረታቸው ተከፍቶ የልብ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ሰዎች ከሦስት አንዱ ገደማ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ኤፊብ ሊነሣበት ይችላል። አገራችን ውስጥ ደግሞ በልጅነት በደንብ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ያስከተለው የልብ በር ጠባሳ ብዙ ሰው ላይ አለ። በዚያ ምክንያት የልብ በራቸው የጠበበ ወይም በብረት የተተካላቸው ወንድምና እህቶች አሉን። ለእነሱ ኤፊብም፣ ዋርፋሪንም የዕለት ኑሮ ነው። ድግስ ላይ እንዲህ ያለውን ሰው «ጠጣ እንጂ፣ ምን ሆነህ ነው?» ማለት ነውር ሊሆን ይገባዋል።

ቡናስ? ይህንን ሁሉም ይጠይቀኛል። እኔም በፍርሃት ቡና ትቼ ነበር፤ ባለቤቴ ከቤቱ ሁሉ በላይ አዘነች። በ2025 የታተመ አንድ ጥናት ግን፣ በኤሌክትሪክ ምታቸው ከተስተካከለላቸው 200 የቡና ጠጪዎች መካከል፣ ቡና በቀን ቢያንስ አንድ ስኒ እንዲጠጡ የተደረጉት 47 በመቶ፣ እንዲተዉ የተደረጉት 64 በመቶ ምታቸው ተመልሶ እንደተዛባ አሳይቷል። ቡናው አልጎዳቸውም ማለት ነው። ቡና ሲጠጣ ልቡ የሚመታበት ሰው ራሱን ያዳምጥ፤ ለሌላው ግን ጀበናው ይጣድ። በስኒያችሁ ውስጥ ሌላ ነገር ጠብ አታድርጉበት እንጂ።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ለሐኪም ቁጥር ንገሩ። «እጠጣለሁ፣ አልጠጣም» የሚለውን ተዉት። በወረቀት ላይ ከሰኞ እስከ እሑድ የቢራውን ጣሳ፣ የጠጁን ብርሌ፣ የጠላውን ብርጭቆ ጽፋችሁ ስጡት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይሉ የለ አባቶቻችን?

ሁለተኛ፣ ልጆቻችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። እዚህ አሜሪካ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ ያለ ክፍያ ብቁ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ይህ ከ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ጀምሮ ያለ መብት ነው፤ በ2010 የወጣው የጤና ሕግም አጠናክሮታል። ጊዜ የማይሰጥ አደጋ ካልሆነ በስተቀር ትንሽ ልጅ እንዲያስተረጉም አይጠበቅም። አፖይንትመንት ስትይዙ «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በሉ። ልጆቻችንን አማርኛ የምናስተምራቸው ከአያታቸው ጋር እንዲጫወቱበት ነው እንጂ የአባታቸውን ሕመም እንዲሸከሙበት አይደለም።

ሦስተኛ፣ ከሕክምናው በኋላ ያለውን ጊዜ እወቁ። ጠባሳው እስኪጠና ሁለት ሦስት ወር ይፈጃል፤ በዚያ ጊዜ ምቱ አልፎ አልፎ ቢዛባ ሕክምናው ከሸፈ ማለት አይደለም፤ ለሐኪም ግን ንገሩ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትኩሳት፣ ለመዋጥ መቸገር፣ የደረት ሕመም ወይም ከብሽሽት የማይቆም ደም ካለ በዚያው ቀን ታዩ። ራስን መሳት፣ ከባድ የትንፋሽ ማጠር፣ የፊት መጣመም፣ የአንድ ጎን ክንድ መዛል፣ የንግግር መተሳሰር ከታየ ግን «እስኪ ጸበል ልሞክር፣ እስኪ ልተኛ» ሳይባል 911 ይደወል። ጸበሉ በኋላም ይደርሳል።

አራተኛ፣ በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው በአንድ ቀን ልተው ቢል መንቀጥቀጥና መጣል ሊመጣበት ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ሐኪም አማክሮ ይተው። ይህንን የምለው አፍሮ ተደብቆ የሚተው ሰው እንዳይጎዳ ብዬ ነው።

አምስተኛው ለደጋሾች ነው። ማዕዱ ላይ አልኮል የሌለበት ነገር ከመጀመሪያው አቅርቡ፤ ሰው እስኪጠይቅና እስኪያፍር አትጠብቁ። ብርዝ አለ፣ የሱፍ ውሃ አለ፣ ተልባ አለ። ብርዙ ግን የዚያኑ ዕለት የተበረዘ ይሁን፤ ከሰነበተ ጠጅ መሆን ይጀምራል። ስኳር ያለበት እንግዳ ካለም አስቡት። እንግዳው «ይቅርብኝ» ካለ ደግሞ አንድ ጊዜ ይበቃል። ምክንያቱን ሰው ፊት አታስቆጥሩት። መጠጥ ያልያዘ ሁሉ ንስሐ የገባ ወይም እርጉዝ መሆን የለበትም።

እኔ ዘንድሮ በፋሲካ ያንኑ ዘመዶቻችንን ቤት እሄዳለሁ። እትዬ ቀድመው ደውለው፣ «ላንተ ብርዝ አዘጋጅቼልሃለሁ፣ በብርሌ ነው የምቀዳልህ፣ ማንም አያውቅብህም» አሉኝ። ስቄ አመሰገንኳቸው። ማንም ቢያውቅብኝ ግን ግድ የለኝም። ካለፈው ፋሲካ ወዲህ ዶሮው አልተነሣም። ነገ አይነሣም ብዬ አልምልም፤ ሐኪሜም አይምልም። እኔ የሚጠበቅብኝን እያደረግሁ ነው።

ባለፈው ወር ቀጠሮ ነበረኝ። ነርሷ በስክሪኑ አስተርጓሚ በኩል «በሳምንት ስንት ትጠጣለህ?» ስትለኝ «ምንም። ድሮ 11 ነበር» አልኩ። ልጄ ውጪ መቀመጫው ላይ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። ስወጣ «ምን ጠየቁህ?» አለችኝ። «ያንን ጥያቄ» አልኳት። «እሺ፣ ምን አልክ?» «እውነቱን።» ደብተሯን ዘግታ ተነሣች፤ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችኝም።

የዚህ ሳምንት የቤት ሥራ ለወላጅና ለልጅ አብሮ የሚሠራ ነው። ሁለት ጣታችሁን ከአውራ ጣት በታች የእጅ አንጓ ላይ አድርጉ። ልጁ ሰዓት ይያዝ። ለ30 ሰከንድ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያላችሁ በአማርኛ ቁጠሩና በሁለት አባዙት። ከዚያ ተለዋወጡ፤ የልጅ ልብ ከትልቅ ሰው ልብ እንደምትፈጥን ታያላችሁ። ምቱ እየዘለለ ወይም ያለ ሥርዓት እየመጣ ከመሰላችሁ፣ አትደንግጡ፣ ግን ለሐኪም ቀጠሮ ያዙ። ልጆቹም «የልብ ምት»፣ «ደም ሥር»፣ «ጠባሳ» እና «እውነት» የሚሉትን አራት ቃላት በደብተራቸው ጽፈው ይምጡ።

ለምታከብሩት መልካም የትንሣኤ በዓል፣ ለሁላችሁም መልካም የእረፍት ሳምንት ይሁንላችሁ። በቸር ያገናኘን።